ማሽኑ ፊደል አያውቅም፦ ስለ ስቲከር መቁረጫ፣ ስለ ስቲከር ዓይነትና ስለ ፊደላችን

(ለአነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ ስቲከር መቁረጫ ማሽን ነው። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት «የትኛውን ልግዛ?» የሚለውን ጥያቄ ይዛችሁ እንደሆነ በር ላይ ካቆማችሁኝ ሰዎች ብዛት ተረድቻለሁ። ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ አጭር ስለሆነ ወደኋላ አቆየዋለሁ። አስቀድሜ የምናገረው ማሽኑ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሲበላሹ ካየኋቸው ታፔላዎች አብዛኞቹ የተበላሹት ማሽኑ ደካማ ስለነበረ ሳይሆን፣ «እሱ ያውቀዋል» ተብሎ የተተወለትን ነገር ስላላወቀው ነውና።

እኔ ሥራውን የጀመርሁት በብሩሽ ነው። ታፔላ በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው በጠመኔ የታሸ ክር ወጥሮ መስመሩን ይመታል፤ ከዚያ ፊደሉን በእርሳስ ይነድፋል፤ በመጨረሻም ቀለሙን ይሞላል። ፊደሉ የቱ ጋ መወፈር፣ የቱ ጋ መቅጠን እንዳለበት የሚያውቀው እጁ ነበር። ፕሎተር፣ ማለትም ስቲከር መቁረጫው ማሽን፣ ሲመጣ እጁ ዐረፈ፤ ዕውቀቱ ግን ወደ ማሽኑ አልተሻገረም።

ማሽኑ ከኮምፒዩተር የሚቀበለው ትእዛዝ በአብዛኛው ኤችፒጂኤል በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ይህን ቋንቋ ሂውሌት ፓካርድ ያወጣው ለንድፍ መሣያ ማሽኖቹ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ማሽኑ የሚይዘው ቢላ ሳይሆን ብዕር ስለነበረ ዋናዎቹ ትእዛዞች ዛሬም «ብዕር አንሣ» እና «ብዕር አውርድ» የሚሉ ናቸው። ብዕሩ በቢላ ተተካ እንጂ ቋንቋው ያው ነው። የርቀት መለኪያው የአንድ ሚሊሜትር አርባኛ፣ ማለትም 0.025 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ለማሽኑ የሚደርሰው መልእክት «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ ቢላውን አውርደህ ሂድ» የሚል ብቻ ነው። ፊደል የሚባል፣ ቀለም የሚባል፣ የመስመር ውፍረት የሚባል ነገር አይደርሰውም።

ይህን ከተረዳን ብዙ ችግር ምክንያቱ ይገለጥልናል። በኮረልድሮው ወይም በኢለስትሬተር የመሣያ ሶፍትዌር አንድን መስመር በአምስት ሚሊሜትር ውፍረት ሥላችሁ ብትልኩት፣ ማሽኑ የመስመሩን መሐል ለመሐል አንድ ጊዜ ቆርጦት ያልፋል፤ ውፍረቱ ለዓይን የሚታይ እንጂ ዙሪያው በመስመር የታጠረ ስላልሆነ ለእሱ የለም። ስለዚህ መስመሩን አስቀድሞ ወደ ቅርጽ መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቅርጾች ተደራርበው ከተቀመጡም ቢላው የሁለቱንም ዙሪያ ይዞራል፤ በተደራረቡበት ቦታ ላይ ፊደሉ ተቆራርጦ ይገኛል። ሶፍትዌሮቹ «ዌልድ» ወይም «ዩኒየን» በሚሉት ትእዛዝ ሁለቱን አንድ ማድረግ የሚገባው ለዚህ ነው። ስሕተትን ለመሸፈን በላዩ ላይ የተቀመጠ ነጭ ሣጥንም ስክሪን ላይ ሸፈነ እንጂ፣ ለማሽኑ ሌላ የሚቆረጥ አራት ማዕዘን ነው።

ደንበኞቻችን ደግሞ አርማቸውን በቴሌግራም ይልካሉ፤ ያውም እንደ ፎቶ፣ ተጨምቆ። ፎቶ የነጥቦች ክምር ስለሆነ ቢላው የሚከተለው መስመር የለውም። ሶፍትዌሩ ፎቶውን በራሱ ወደ መስመር የሚለውጥበት መንገድ በኮረልድሮውም፣ በኢለስትሬተርም፣ በነፃ በሚገኘው በኢንክስኬፕም አለ፤ ነገር ግን በአራት ነጥብ ሊሣል የሚችለውን ክብ በደርዘን በሚቆጠሩ ነጥቦች ስለሚሞላው፣ ቢላው በየነጥቡ እየተንቀጠቀጠ ዳሩን የመጋዝ ጥርስ ያስመስለዋል። ስለዚህ እኔ ፎቶውን ከሥር አስቀምጬ አርማውን በላዩ ላይ እንደገና እሥላለሁ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን የሚፈጀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ አርማው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ወደ ራሳችን ፊደል ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደሎች በኮምፒዩተር ላይ በሚቀመጡበት የጋራ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የተሠራባቸው የፊደል ፕሮግራሞች የእኛን ሆሄያት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ሆሄያችን በአንድ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃ በሁለትና በሦስት ፎንት እየተከፋፈለ ይቀመጥ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ይሆናል። በየቤታችን ያሉት አሮጌ ፋይሎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራው አልቆ ደንበኛው ካጸደቀው በኋላ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ፣ በኮረልድሮው ኮንትሮልና ኪውን መጫን፣ ከዚያ የሚታረመውንና የተለወጠውን ፋይል ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱንም እላለሁ፤ የተለወጠው ብቻ ከቀረ ነገ ስልክ ቁጥር ሲቀየር ቁጥሩን እንደገና መሥራት ይመጣልና።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሆሄው ቅርጽ ነው። አምስተኛውን ረድፍ፣ ኃምሱን፣ አስቡ። «ሌ»፣ «ሜ»፣ «ሴ»፣ «ቤ» ከሌሎቹ የሚለዩት በእግራቸው ጫፍ ባለች ትንሽ ቀለበት ነው። ታዲያ በከተማችን ካሉት ታፔላዎች ስንቱ ላይ ነው «ቤት» የሚለው ቃል የማይገኘው? ምግብ ቤት፣ ልብስ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጸጉር ቤት። ያች ቀለበት ከፊደሉ ክፍል ሁሉ ትንሿ፣ ከጀርባ ወረቀቱም ጋር በጥቂቱ ብቻ የተያያዘችው ናት። ትርፉን ስቲከር ስንለቅም፣ መርፌው የቀለበቷን ሆድ ሲያወጣ ቀለበቷንም ይዟት ይወጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳላይ ለጥፌ ከመሰላል ስወርድ፣ ደብተር ያቀፈ ልጅ ቆሞ «ምግብ በት» ብሎ ጮክ አድርጎ ሲያነብ ሰማሁ። ባለቤቱ ከልጁ በኋላ ነው ያየው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ልማድ ይዣለሁ። አንደኛ፣ ለስቲከር የምመርጠው እኩል ውፍረት ያለው ፎንት ነው፤ በብራና ጽሕፈት አምሳል የተሠሩት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ፣ በወረቀት ላይ እጅግ ያማሩ ቢሆኑም በትንሽ መጠን ሲቆረጡ የቀጠኑት ክፍሎቻቸው ከወረቀቱ ይነሣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፍራሙ ለዚህ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቁመቱ ከሁለት ሴንቲሜትር በታች የሆነ የግዕዝ ጽሑፍ በስቲከር አልቆርጥም፤ ደንበኛው ከፈለገ በኅትመት ይሠራለታል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ትንሽ ከሆነ የኃምሱን ቀለበት ሆድ በእጄ አሰፋዋለሁ፤ ዙሪያውንም ጥቂት አወፍረዋለሁ። የፊደል ነዳፊ ቢያየኝ ይቆጣ ይሆናል፤ ታፔላ አንባቢው ግን መንገድ ማዶ ነው የቆመው።

ስለ መንገድ ማዶ ካነሣሁ፣ በታፔላ ሠሪዎች ዘንድ የቆየ መለኪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር የፊደል ቁመት ይሰጣል። በ30 ሜትር ርቀት በደንብ እንዲነበብ የተፈለገ ጽሑፍ 25 ሴንቲሜትር ቁመት ይኖረዋል ማለት ነው። መለኪያው የወጣው ለላቲን ፊደል ነው፤ የእኛ ሆሄ በአንድ ራስ ላይ ብዙ ነገር ስለሚሸከም እኔ አንድ ሦስተኛ እጨምርበታለሁ።

ቀጥሎ ስለ ስቲከሩ። ሁሉም በተለምዶ «ስቲከር» ይባላል፤ ሁሉም ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆምም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ካለንደርድ የሚባለው እንደ ቂጣ ነው፤ የጋለው የፒቪሲ ሊጥ በትላልቅ የብረት ሮለሮች መካከል እየተዳመጠና እየተሳበ ይሳሳል። በግድ የተለጠጠ ነገር ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚፈልግ ይህ ስቲከር ፀሐይ በመታው ቁጥር ቀስ በቀስ ይሰበሰባል፤ ከዓመት በኋላ በፊደሉ ዳር ዙሪያ የምታዩት ጥቁር የአቧራ መስመር ስቲከሩ ሸሽቶ ሙጫው ባዶውን የቀረበት ቦታ ነው። ካስት የሚባለው ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ይፈስሳል፤ በምድጃ ውስጥ አልፎ በተዘረጋበት ልክ ይረጋል። ያልተሳበ ስለሆነ የሚመለስበት የለውም። ውፍረቱም ከ50 እስከ 60 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ብቻ ስለሆነ በመኪና እጥፋትና በብሎን ራስ ላይ አብሮ ይተኛል። ዋጋው ግን የሌላኛውን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ካለንደርዱም ራሱ ሁለት ነው። ሞኖመሪክ በሚባለው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ቶሎ እየተነነ ስለሚያልቅ ስቲከሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ፖሊመሪክ የሚባለው ማለስለሻውን ይዞ ይቆያል። ለወር ቅናሽ ማስታወቂያ፣ ለሠርግ መኪና፣ ለቤት ውስጥ መስታወት ሞኖመሪክ ይበቃል። ለታክሲ ጥቅስም ይበቃል፤ ጥቅሱ ከስቲከሩ ቀድሞ ይሰለቻልና። በላሜራ ላይ ለዓመታት ለሚቆም ታፔላ ግን ከፖሊመሪክ በታች መውረድ ደንበኛን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ደንበኛው በተለጠፈበት ቀን ልዩነቱን ሊያይ አይችልም።

አምራቾች በመረጃ ወረቀታቸው ላይ «አምስት ዓመት»፣ «ስምንት ዓመት» ብለው የሚጽፉትን ቁጥር በጥንቃቄ አንብቡት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የተሰጠው በመካከለኛው አውሮፓ የአየር ጠባይ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ገጽ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ፀሐይም በአናቷ ላይ የምታልፍባት ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታፔላው ወደ ላይ ካጋደለ ወይም በመኪና ጣሪያ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ጨረሩን ፊት ለፊት ይቀበላል። ስለዚህ እኔ ለደንበኛ የምነግረው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ያለው ግማሽ ነው። ቀለሞችም እኩል አይደሉም፤ ጥቁርና ነጭ ይቆያሉ፤ ቀይና ቢጫ ቀድመው ይሄዳሉ። ለዋናው ጽሑፍ ቀይ ለሚፈልግ ደንበኛ ነጭ ፊደል በቀይ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ እንዲሆን የማግባባው ለዚህ ነው፤ የላሜራው ቀለም ሲደበዝዝም ፊደሉ ይነበባልና።

ሙጫውም የራሱ ፍላጎት አለው። በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው፣ የጀርመኑ ኦራፎል የሚያመርተው ኦራካል 651 ለምሳሌ ከ8 ዲግሪ በታች እንዳይለጠፍ አምራቹ ያዝዛል። ይህ የአውሮፓ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ሌሊቱን ውጭ ያደረ ላሜራ እጃችሁን አስቀምጣችሁበት ታውቃላችሁ። እኔ በእነዚያ ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ውጭ አልለጥፍም። አዲስ የተቀባ ላሜራም ቀለሙ ለእጅ ስለደረቀ ብቻ ደርቋል አይባልም፤ ከሥሩ የሚወጣው ትነት ስቲከሩን ያሳብጠዋል። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በአልኮል እወለውላለሁ፤ በቤንዚን አይደለም፣ ቅባት ትቶ ይሄዳልና።

አሁን ወደ ቢላው። ቢላው የሚነዳ ሳይሆን የሚጎተት ነው፤ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ በራሱ እየዞረ የመንገዱን አቅጣጫ ይከተላል። ጫፉ ከመዞሪያው መሐል ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ወደኋላ የቀረ ነው፤ ይህ ርቀት ኦፍሴት ይባላል፤ ለማሽኑም በትክክል መነገር አለበት። ካልተነገረው የአራት ማዕዘን ጥጎች ወይ ይከብባሉ፣ ወይ ቀንድ ያወጣሉ። የ«በ»ና የ«ሰ» እግሮች ቀጥ ያለ ጥግ ስላላቸው ስሕተቱ በእኛ ፊደል ላይ ቶሎ ይጋለጣል። ለተራ ስቲከር 45 ዲግሪ የተሳለ ቢላ፣ ለወፍራሙና ለአንጸባራቂው 60 ዲግሪ ይመረጣል።

ቢላው ስቲከሩን ሙሉ በሙሉ መቁረጥ፣ የጀርባ ወረቀቱን ግን ጭረት ብቻ መተው አለበት። ኦራካል 651 የ63 ማይክሮን ውፍረት አለው፤ ይህም የአንድ ሚሊሜትር አሥራ ስድስተኛ ነው፤ እንግዲህ ቢላው ከመያዣው የሚወጣው ለዓይን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ነው። ብዙ ሰው ቢላው ሲደነዝዝ ጫናውን ይጨምራል። ከ80 እስከ 120 ግራም በሚቆርጥ ስቲከር ላይ 200 ግራም የሚጠይቅ ቢላ ሥራውን ጨርሷል፤ ጫናው ወረቀቱን በስቶ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ንጣፍ ይቧጥጣል፤ ንጣፉ ከተቧጠጠ በኋላ ደግሞ አዲስ ቢላም በዚያ ቦታ ላይ በትክክል አይቆርጥም። አዲስ ጥቅልል በጫንሁ ቁጥር የማሽኑን የሙከራ ቁርጥ፣ ክብን በአራት ማዕዘን ውስጥ፣ አስቆርጣለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ ሁለት ሴንቲሜትር ቁመት ያላት አንዲት «ቤ» አስቆርጣለሁ። ቀለበቷ ሳትነሣ ሆዷ ከወጣ ሥራ እጀምራለሁ።

የተጠየቅሁት ጥያቄ መልስ እነሆ። አቅም ካለ ሰርቮ ሞተር ያለው ማሽን ይገዛ፤ ጸጥ ያለ ነው፤ ኩርባውም ለስላሳ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ጂኤስ-24 እስከ 350 ግራም ጫና አለው፤ በሰከንድም እስከ 500 ሚሊሜትር ይሄዳል። ግራፍቴክ ሲኢ7000-60 እስከ 450 ግራምና እስከ 900 ሚሊሜትር ይደርሳል። የቤልጂጉ ሱማ ደግሞ ቢላው ሳይጎተት በሞተር የሚዞርበት ማሽን አለው፤ ይህ ለወፍራም ነገር እንጂ ለእኛ ተራ ሥራ አያስፈልግም። አቅም ከሌለ ስቴፐር፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞር፣ ሞተር ያለው የቻይና ማሽንም እንጀራ ያበላል፤ እኔም የማሽን ሥራ የጀመርሁት በእሱ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ቢላው፣ የቢላው መያዣና የፕላስቲክ ንጣፉ መርካቶ ውስጥ እንደሚገኙ አረጋግጡ፤ ያችንም «ቤ» በፊታችሁ አስቆርጡ። የታተመ ስቲከርን በዙሪያው ለመቁረጥ ካሰባችሁ ምልክት የሚያነብ የብርሃን ዓይን ያለው ይሁን፤ በእጅ ማስተካከል ከአሥር ቁራጭ በኋላ ያታክታል።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ለመላክ በቂ ነው፤ መሣያውን ግን አንዱን መርጣችሁ በደንብ ልመዱት። ገንዘብ የሌለው በኢንክስኬፕ ይጀምር፤ ከመንገድ በተገዛ ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ ምክንያት በቫይረስ ፋይሎቹን ሁሉ ያጣ የሥራ ባልደረባ አለኝ።

በሥራው መሐል መብራት ሲጠፋ ማሽኑ መነሻ ነጥቡን ይረሳል፤ የቀረውንም ከቆመበት አይቀጥልም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያላችሁ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም አያይዙት። የሌላችሁ ረጅሙን ሥራ ሁለት ሁለት ሜትር እየከፋፈላችሁ ላኩ። ሌዘር ማሽን ያላችሁ ደግሞ ስቲከርን በእሱ አትቁረጡ፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሳንባንም የማሽኑን ብረትም ይበላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የባነር ልማድ ተጋብቶብን የተቆረጠ ስቲከርንም በካሬ እንሸጣለን። በአንድ ካሬ ውስጥ 40 ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸው አምስት ፊደሎች አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይለቀማሉ፤ በዚያው ካሬ ውስጥ የሦስት ሴንቲሜትር ፊደሎች ከሆኑ ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ስለዚህ የስቲከሩን ዋጋ በካሬ፣ የመልቀሙን ዋጋ በፊደል ቁጥር አስቡ። የስቲከሩንም ካሬ ስትቆጥሩ ከጥቅልሉ የወጣውን እንጂ ፊደሉ የሸፈነውን አትቁጠሩ። አራት ሜትር ርዝመት፣ 25 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው አንድ መስመር ከ61 ሴንቲሜትር ጥቅልል ላይ ብቻውን ቢቆረጥ 2.44 ካሬ ይወስዳል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ካሬ ብቻ ነው። ሁለተኛውን መስመር ከሥሩ ብታስገቡ ግን ያው አራት ሜትር ለሁለቱም ይበቃል። ትርፋችን ብዙ ጊዜ ያለው በዚህ አደራደር ላይ ነው።

በመጨረሻ፣ ታፔላ ሠርቼ ከመስቀሌ በፊት በጀርባው ላይ ወርና ዓመተ ምሕረቱን፣ የስቲከሩን ዓይነትና ቁጥር፣ ፊቱ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚዞርም በማርከር እጽፋለሁ። ሊታደስ ሲመለስ እገለብጠውና ስንት ዓመት እንደቆየ በደብተር እመዘግባለሁ። ደብተሩ አሁን ሁለተኛ ጥራዙ ላይ ነው፤ ወደ ምዕራብ የዞሩት ቀዮች አንድ ገጽ ብቻቸውን ይዘዋል። ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ከሻይ ሰዓት በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።